ለሥር የወጣ ሰው

እኔ ዝም ማለት አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር፣ አሁንም አልችልም። ቁጭ ካልኩ እግሬ ይወዛወዛል፣ ከቆምኩ ምላሴ እንደ ተልባ ይንጣጣል። ፋርማሲ ለመማር ባመለከትኩበት የመጀመሪያ ዓመት የጣለኝም ይኸው ነው። የጽሑፉን ፈተና ሸጋ አድርጌ አልፌ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ስለ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ ስለ አሥር ነገር ቀበጣጠርኩና አሰናበቱኝ።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ከረረ። እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ዘንድሮም ካልገባሁ አይከል አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሱቅ እጠብቃለሁ። አክስቴን እወዳታለሁ፣ ሱቋ ግን ገና ሳስበው ያፍነኛል። ስለዚህ አጠናሁ። የኬሚስትሪ መጽሐፌን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ጓሯችን ስመላለስ ሳሩ ተመለጠ። እናቴ፣ ምነው፣ መቀመጫው እሾህ አለው እንዴ፣ አንድ ቀን እንኳ አርፈሽ ብትቀመጪ ምን አለበት እያለች ታሾፍብኛለች።

አደብ የምገዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከአባቴ ጋር ሥር ለመንቀል ስንወጣ። አባቴ መሪጌታ ነው። በደብሩ ያገለግላል፣ የሆድ መድኃኒትም ያውቃል። እሱ ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ የወረሱት ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ይመጣና ምንም ሳይል እግሬን መታ መታ ያደርገኛል። ትንሿን ዶማ ይዘን በወለቃ በኩል ወደ ተራራው እንወጣለን። ሥሩ እጅ እስኪገባ ድረስ ለማንም አይነገርም፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይመለስም። መንገድ ዳር ሸክላቸውን የሚደረድሩት ሴቶች ወጉን ያውቃሉ፤ ዶማዋን ሲያዩ ፊታቸውን ዞር ያደርጉልናል። የሥሩ ስም ደግሞ ከቤት አይወጣም፤ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል ይባላል። ወንድም ስለሌለኝ ነው መሰለኝ አባቴ እኔን ይዞኝ የሚሄደው። እኔ ግን እሱን ኋላ ኋላ እየተከተልኩ በሄድኩባቸው ጠዋቶች ያገኘሁትን ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

የቃለ መጠይቁ ዋዜማ ጠራኝና፣ አንቺን የጣለሽ ምላስሽ ነው አለኝ።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ነገ ለሥር እንደምንወጣው ሁነሽ ሂጂ። ጉዳይሽ እጅሽ ሳይገባ ለማንም እንዳትናገሪ።"

እሱ የሰጠኝ ምክር ነበር፤ እኔ እንደ ሕግ ወሰድኩት። በነጋታው የባጃጁ ሹፌር ወዴት ነሽ ሲለኝ በእጄ አመለከትኩት። ኮሌጁ በር ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ፣ ደህና አደርሽ ልጄ፣ ለፈተናው ነው ቢሉኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው። አይ የዘንድሮ ልጅ ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞሬ ይቅርታ ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ሥሩ አልተነቀለማ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅም አጠገቤ ያለችው ልጅ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እብድ ሳልመስላት አልቀረሁም።

ስገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ያሉት እኚያው ሴትዮ ናቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጠዋት ደህና አደርሽ ብዬሽ ጥለሽኝ ሄድሽ፤ መድኃኒት ሊገዛ የመጣውን በሽተኛም እንዲህ ልታደርጊው ነው?" አሉኝ።

አለቀልኝ አልኩ። አይከል፣ ሱቁ፣ የሳሙናው ካርቶን ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ከዚያ ምላሴ ተፈታ። ስለ አባቴ፣ ስለ ዶማዋ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ነገርኳቸው። በስተቀኝ ያለው ሰውዬ፣ መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል ወይ አለኝ፤ አይሰጥም፣ አባቴ አስቀድሞ ይጠይቃል አልኩት። ለልጅና ለአዋቂ እንዴት ይመጥናል አለኝ፤ ያንንም ነገርኩት። ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ አደረጉ።

"ሥሩስ ምንድን ነው?"

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ያስገደደኝ ሰው የለም። ግን ፊታቸው ፈክቶ አየሁት፤ እንደምገባም ያኔውኑ ገባኝ። ስሙን ነገርኳቸው።

ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ስልኬን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከኔትወርኩ ጋር እጣላለሁ። እናቴ ደግሞ የማለፌና የመውደቄ ነገር ነው የሚያንቆራጥጠኝ ብላ ታስባለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ከአፌ የወጣው የሥሩ ስም ነው።

ገባሁ። ስሜ የተለጠፈ ቀን እናቴ እልል አለች፣ አባቴ ግንባሬን ስሞ መረቀኝ። ዝም ማለት አልችልም ብያለሁ፤ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ዘከዘክኩለት፣ ስሙን መናገሬንም ጭምር። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ሸጋ ነው። እንግዲህ አንቺ የነሱ ተማሪ ነሽ" አለና ጥምጣሙን አስተካክሎ ለሠርክ ጸሎት ሄደ።

ረቡዕ ሲደርስ ከእሱ ቀድሜ ነቃሁ። ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ይወዛወዛል። ኮቴው ክፍሌ ደጃፍ ደርሶ ቆም አለ፤ ከዚያ አለፈ። ተከትዬ ወጣሁ። አባቴ ዶማዋን ይዞ፣ ብቻውን፣ ወደ ወለቃ መንገድ እየታጠፈ ነው። አባዬ ብዬ ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ለሥር የወጣ ሰው ግን አይጠራም። አፌን ዘጋሁ።