ሦስተኛው ካስማ

ከጢዖ እስከ አሰብ ባለው የባሕር ዳር እኔ የመታሁትን ካስማ የሚነቅል ገና አልተወለደም። ግመል ቢጎትተው ግመሉ ይበጠሳል፤ መርከብ ቢታሰርበት መርከቡ ለሁለት ይከፈላል እንጂ ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ይህን በየሻይ ቤቱ ስናገር የኖርኩት ሰውዬ ነኝ። ካቦአችን ግን አንዱን በሁለት ጣት ነቀለው። ያውም በግራ እጁ።

ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። እኛ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ በገመድ እያሰርን ከመርከብ ሆድ የምናወጣ ሠራተኞች ነን። አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን እዚያ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ወርዶ የሚያወጣው እስኪገኝ ግማሽ ቀን ታች ሲያቃስት ዋለ። ከዚያ በኋላ ካቦው "በገመድ መውረድና መውጣት የማይችል ከእኔ ጋር አይሠራም" አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕሩ አፍ ላይ የቆመ ጥቁር ገደል ነበር፤ መለማመጃችን እሱ ሆነ። ቁመቱ እኔ ሳወራው መቶ ሜትር ነው፤ ሲለካ አሥራ ሁለት። ለመሞት አሥራ ሁለትም ይበቃል፤ ሥሩ ቢላ የመሰለ ድንጋይ ነው።

"ገደል ላይ ነው ያደግሁት ስትል አልነበር? በል ገመዱ የሚታሰርባቸውን ካስማዎች አንተ ምታ" አለኝ ካቦው።

አመራረጡንም አስተማረኝ። አለቱን በመዶሻ መታ መታ ታደርገዋለህ፤ እንደ ደወል ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ እንደ ባዶ በርሜል ካጉረመረመ ጥለኸው ሂድ። ካስማው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ድምፁ በየምቱ እየቀጠነ መሄድ አለበት። ሦስት ካስማ ይመታል፤ ሦስቱ ክብደቱን እንዲካፈሉ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ አንዱ ከተነቀለ ድንገተኛው ጭነት የቀሩትንም ሊነቅላቸው ይችላል። ከዚያ የማይሻረው ሕግ ይመጣል፦ የመታ ይውረድ። ካስማውን የመታው ሰው ራሱ ሳይንጠለጠልበት ሌላ ሰው አይወርድም።

ሁለቱን እንደ ሕጉ መታሁ፤ እንደ ደወል ጮኹ። ካቦው ለሦስተኛው በኖራ ምልክት ያደረገበት አለት ግን ከገደሉ ጫፍ አንድ ክንድ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቀላ ያለ፣ እንደ ዳቦ የተቦዳደሰ ድንጋይ አገኘሁ። እዚያ መታሁት። በሦስት ምት ገባ፤ ድምፁም አልቀጠነም። የኖራውን ምልክት ከሩቁ በረጅም እንጨት አሸሁት።

በነጋታው ፀሐይ ሳትበረታ ሦስት ሆነን ሄድን፤ ካቦው፣ እኔና ጎረቤቴ የሆነ ጓደኛዬ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል።

"ሦስተኛው ወደ ኋላ አልራቀም?" አለ ካቦው።

"እዚህ ይሻላል ጋሼ። እንደ ደብር ደወል ነው የጮኸው።"

"ደግ። የመታ ይውረድ።"

ጉልበቴን ያዝኩ። "ይቺ ጉልበቴ ትናንት ስመታ ዞረችብኝ መሰለኝ..."

ጓደኛዬ ሳቀ። "ተወው ጋሼ፣ የዚህ ሰው ጉልበት ድሮም አፉ ላይ ነው። እኔ እወርዳለሁ።"

ካቦው ከገዛ ሕጉ ጋር የተጣላ መስሎ "በል እሺ" አለ።

ጓደኛዬ ገመዱን በጭኑና በትከሻው አዙሮ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጠ። ጭንቅላቱ ከጫፉ በታች ተሰወረ። ገመዱ ተወጠረ። የእኔ ዓይን ሦስተኛው ካስማ ላይ ነው። ከሥሩ አንድ ቁንጥር ቀይ ዱቄት ፈሰሰ። ነፋስ ነው አልኩ ለራሴ። ነፋስ አልነበረም።

"አንተ ዋሾ!" አለ ድምፁ ከታች፤ "ከዚህ ሲታይስ እውነትም መቶ ሜትር ነው!"

ካቦው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ካስማው ጎንበስ አለ። ብናገር ውሸቴ ይወጣል፤ ዝም ብል አባት ሊሆን ወር የቀረው ሰው ድንጋዩ ላይ ነው። ዱቄቱ እፍኝ ሞላ። ምን ያህል ዝም እንዳልኩ አላውቅም፤ ሌላውን ሁሉ አጋንኜ ነው የማወራው፣ ይህችን ብቻ አሳንሼ ነው የኖርኩት።

"ጋሼ፣ ሦስተኛው ውሸት ነው! አልፈተሽኩትም!"

ካቦው አልጮኸም። መሬት ላይ ተቀምጦ የተወጠረውን ገመድ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ተረከዙን አለት ላይ ተከለ። "ቀበቶዬን ያዝ" አለኝ። ከዚያ ወደ ታች "ውጣ! ቀስ ብለህ፣ ሳትወዛወዝ!" ከታች ቀልድ ቀረ። የሚሰማው ጫማው ድንጋዩን ሲቧጥጥ ብቻ ነበር። አንድ እጅ ጫፉ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ሌላው። ካቦው ክንዱን ይዞ ሳበው።

ጓደኛዬ መዳፉ ተልጦ ተቀመጠ። ካቦው ሄዶ ሦስተኛውን ካስማ በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ነቀለውና እግሬ ሥር ጣለው። ያሸሁትን ኖራም አየ።

"ለምን እዚህ አልመታኸውም?"

መቶ ውሸት አፌ ላይ ነበር። ጓደኛዬ ደሙን በሸሚዙ እየጠረገ መልሴን ይጠብቃል።

"እዚያ ጫፍ መድረስ አቃተኝ" አልኩ። "ገደል እፈራለሁ።"

ገደል ላይም አላደግሁም፤ አገሬ ሜዳ ነው። ጉልበቴም ደህና ነበረች።