ከጭጋጉ በላይ የሞከርነው የፀሐይ መብራት

በደርግ ጊዜ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሬ ሥራ ሳልይዝ ከአዲስ አበባ ተሰድጄ ጄኔቭ ገባሁ። ከከተማው ዳር ቬርኒየ በሚባለው ሰፈር ካሉት ትልልቅ ፎቆች በአንዱ እየኖርኩ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩስ ነበር። ጎረቤቴ ከጆድፑር የመጣች ሕንዳዊት ናት። እዚያው አገሯ የቀሩት አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ የሰፈሩን ልጆች በየምሽቱ ቤታቸው ሰብስበው ያስጠናሉ።

«ማታ ማታ መብራት ይጠፋል» አለችኝ አንድ ቀን። «በኩራዝ ነው የሚያስተምሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቀን ግን ፀሐዩ ለጉድ ነው፤ ጣሪያችን ላይ በባዶ እግር አይቆምም።»

«እንግዲያው ጣሪያው ያብራላቸዋ!» አልኳት።

ያኔ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሰሌዳ ብርቅ ነበር። ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን፣ ለተራራ ጎጆዎች የሚሸጥ ሱቅ እንዳለ ሰማሁና በባቡር ሄጄ አንድ ያገለገለ ገዛሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሰው እንዳይገፋብኝ እየተጠነቀቅሁ አመጣሁት። ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኝቼ በረንዳዬ ላይ አቆምኩት። ክረምት ነበርና ጭጋጉ ከተማው ላይ ተደፍቶ ሰነበተ፤ አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም። ይባስ ብለው የፎቁ ጠባቂ መጡ።

«እመቤት፣ በረንዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቀድም። ያንሱት።»

ጎረቤቴ አዘነችልኝ። «ይቅር፣ በከንቱ ደከምሽ።»

«አይቀርም! ያልሠራው ፀሐይ ስለሌለ ነው። ፀሐይ ያለበት እንሂዳ።»

እሑድ ጠዋት ሰሌዳውን ለሁለት ይዘን ወደ ጁራ ተራራ በሚወጣው ባቡር ተሳፈርን። ሽቅብ ስንወጣ ጭጋጉ ከበታችን ቀረና ሰማዩ ወለል አለ። ሰሌዳውን በረዶው ላይ አስደግፈን ምሳችንን በላን። ከዚያ አምፖሉን ኮቴ ውስጥ ከልዬ አየሁት።

«በርቷል!» ብዬ ጮህኩ። ተቃቅፈን በረዶው ላይ ወደቅን።

ከዚያ በኋላ ገመዱን እየፈታች ራሷ እንድትገጥመው አለማመድኳት። ስትሳሳት አስፈታታለሁ፤ ትበሳጫለች፤ እንደገና ትጀምራለች። በጸደይ ይዛው ለዕረፍት አገሯ ሄደች።

ከጆድፑር ስልክ ተደወለ። አባትየው ነበሩ፤ በእንግሊዝኛ አናገሩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ልጆቹ በመብራትሽ ሲያጠኑ አምሽተው፣ ወደ ቤታችን አንሄድም ብለው አስቸገሩኝ» አሉና ሳቁ።

ጎረቤቴ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ ተመለሰች። ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ በሬን አንኳኳች።

«የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፈልጓል። የውኃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ መሥራት ትችያለሽ?»

እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም።

«ግቢ፣ አብረን እናጠናዋለን» አልኳት።