ሽቅብ የሚወጣው ወንዝ

የልጅ ልጄ የወረዳችንን ካርታ ሥላ ግድግዳዬ ላይ በሊጥ ለጠፈችው። የእርጥቡ ሊጥ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

ያኔ አንድ መምህር ልጆች ሊመዘግቡ ቤታችን መጡ። እርሳስ ሰጡኝና "እስቲ አገርሽን ሣዪልኝ" አሉኝ። ትምህርት ቤት መግባቴ ነው ብዬ፣ የጓሳን ተራራ ከላይ፣ ቆላውን ከታች አድርጌ ወንዛችንን በመሐል ቁልቁል አወረድሁት።

"ጎበዝ! ግን ገልብጠሽዋል" አሉ መምህሩ እየሳቁ። "ካርታ ላይ ሰሜን ነው ከላይ የሚሆነው። ወንዛችሁ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው የሚፈስ።" ወረቀቱን አዙረው በእናቴ ሊጥ ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

አባቴ ትክ ብለው አዩት። "መምህር፣ ውኃ ሽቅብ ሲወጣ የት አይተው ያውቃሉ? ልጄ ያየችውን ነው የሣለች። ይህንን ሊያስረሷት ከሆነ እዚሁ ትቅር።"

ለኔው ተሟግተው እኔኑ ከትምህርት አስቀሩኝ። መምህሩም ሄዱ።

አሁን ጣቴን በወንዙ ላይ ቁልቁል ሳወርድ የልጅ ልጄ "ኧረ እማማ፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው!" ብላ ሳቀች። ተናደድሁ። ሊጡ ሳይደርቅ ካርታውን ልጬ መሬት ላይ አነጠፍሁት። ወንዙ ሽቅብ መውጣቱን ተወ። ያኔ ወረቀቱን መሬት ላይ ማንጠፍ ለሦስታችንም እንዴት ሳይታየን ቀረ?