አሥራ አንድ ጊዜ እሺ

ልብስ ሰፊዋ ስልክ ስታነሳ እጇ ከጨርቁ አይለይም። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ትወትፈዋለች፤ አንገቷን አጣማ፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ሳታነሳ፣ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ እሺ» ትላለች። ደንበኞቿ «እሺ በቃ» የሚል ስም አውጥተውላታል። «ዛሬ እሺ በቃ ጋ ልለካ ነው» ይባባላሉ። እሷም ሰምታ ትስቃለች። ሥራ የበዛባት ሴት መሆኗን የሚያሳይላት ይመስላት ነበር እንጂ ነውር አለው ብላ አስባ አታውቅም።

ሙያውን ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። ያኔ ስልክ በየኪሱ አልገባም፤ ጉዳይ ያለው ሰው በሩ ድረስ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያወራው። ታላቅየዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማዋለች። ታናሽየዋ «እትዬ፣ ሥራው እኮ እየጠበቀን ነው» ብላ ስትነዘንዛት፣ «ይጠብቃ! እግር የለው፣ ወዴት ይሄዳል?» ትላት ነበር።

ዘመኑ ተቀይሮ ሰው ልኩን በስልክ መናገር ሲጀምር፣ ሰፊዋ ወገቡን ከደረቱ እያምታታች ሁለት ሦስት ቀሚስ አበላሸች። ልጇ ይሄን አይታ ስልኳ የተወራውን ሁሉ እንዲቀዳ አደረገችላት። «እማዬ፣ ልክ ሲጠፋብሽ እዚህ ጋ ነክተሽ መልሰሽ ትሰሚያለሽ» አለቻት።

ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሰሞን ነው፤ ዩኒፎርሙ በሰፊዋ ክፍል ጣሪያ ሊነካ ተቆልሏል። እሁድ ጠዋት ትንሽ ፋታ አገኘችና ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ጠፋሁብሽ አይደል? ሥራው ነፍሴን ሊያወጣት ነው።»

«ይሁን።»

«ምነው? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ሐሙስ ሆስፒታሉ በር ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅሁሽ። አስታማሚ ከሌለሽ አንሠራም ብለው ተራዬን ለሌላ ሰጡት።»

«የምን ሐሙስ? የምን ሆስፒታል?»

«የዓይኔ ነዋ! ነግሬሽ እሺ ብለሽኛል። ከበሩም ላይ ሆኜ ሦስቴ ደወልኩልሽ።»

ሐሙስ ስልኩ መጥራቱንማ ታስታውሳለች። «ኋላ እደውልላታለሁ» ብላ ነበር ያለፈችው። ያንን ዋጥ አድርጋ፣ «በእናታችን አፅም አልነገርሽኝም! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ልቀር እኔ?» አለች።

ታላቅየዋ አልተከራከረችም። «እንግዲያው እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ እርጅና ነው» ብላ ዘጋችው።

ልጅቱ ዩኒፎርም እያጠፈች ትሰማ ነበር። «እማዬ፣ ምን ያስምልሻል? ስልክሽ ይቀዳል እኮ።»

«አምጪው! ማን እንደተሳሳተ ይለይልን» አለች ሰፊዋ በሙሉ ልቧ።

ልጅቱ ፈልጋ ከፈተችው። መጀመሪያ የመኪናው ኳኳታ መጣ፤ ከኳኳታው ሥር የእህቷ ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል።

«ግራውማ ሄዷል፤ ቀኙን ቶሎ ኦፕራሲዮን ካላደረጉት እሱም ይከተላል አሉኝ።»

«እሺ።»

«ሐሙስ ነው፤ አስታማሚ ይዘሽ ነይ ብለውኛል።»

«እሺ።»

«ፈርቻለሁ እቴ።»

«እሺ።»

ልጅቱ ሳቋ አምልጧት ነበር፤ የእናቷን ፊት ስታይ ዋጠችው። ድምፁ ቀጠለ፤ የሰፊዋም እሺታ አላባራም።

«ጎረቤቴ እኔ ልሂድልሽ ስትለኝ፣ የለም፣ እህቴ አለችኝ አልኳት። ትመጪያለሽ አይደል?»

«እሺ፣ እሺ፣ በቃ እሺ።»

«ተመስገን! እፎይ፣ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እዚያ ላይ አበቃ። ልጅቱ ሳታውቀው ስትቆጥር ኖሮ፣ «አሥራ አንድ ጊዜ» አለች ቀስ ብላ።

ሰፊዋ ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደች። ከዚያ ሌሎቹንም እየከፈተች ሰማች። አንዷ ደንበኛ ባሏ እንደታመመ ስታዋያት «እሺ»፤ ሌላዋ ከሥራ መባረሯን ስትነግራት «እሺ በቃ»። ቀጥሎ የልጇ ስም መጣ። ልጅቱ እጇን ስልኩ ላይ ጣል አድርጋ፣ «የእኔን ተይው፣ እማዬ» አለቻት።

ዩኒፎርሙን እንደተቆለለ ትታ ወደ እህቷ በረረች፤ እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከማግስቱ ጀምሮ ያልረገጠችው የሐኪም ደጅ፣ ያልለመነችው ሰው የለም። ያም ሆኖ ተራው የተገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀኙም ሄዷል። «የጠፋውን መመለስ አንችልም» አላት ሐኪሙ።

አሁን ስልክ ሲጠራ ሰፊዋ ከመኪናዋ ትነሳለች፤ ደጃፉ ላይ ወጥታ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጣለች። ደንበኞቹ ወሬ ወዳድ ሆነች ብለው ይቀልዱባታል። እህቷ ግን እንደ ድሮው አትደውልላትም፤ በየቀኑ የምትደውለው ራሷ ሰፊዋ ናት።

ባለፈው ወር ታላቅየዋ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ሰንብታለች። ሰፊዋ የሰማችው ከጎረቤቲቱ ነው፤ ወዲያው ለእህቷ ደወለች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ሥራ እንዳላስፈታሽ ብዬ ነው» አለቻት። በድምፅዋ ቅሬታ የሚባል የለም፤ ሰፊዋን አንጀቷን የቆረጠውም ይኸው ነው።

«ሥራ አልያዝኩም፤ ንገሪኝ እስቲ፣ ያምሻል? እንቅልፍስ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ታላቅየዋ ግን ስለ ዝናቡ ሁለት ቃል ተናገረችና፣ ልጅቱን ሳሚልኝ ብላ ተሰናበተቻት።