ሐርጌሳ ሆኜ ያስቀረኋት መስመር

ከጅጅጋ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ነው። ሾፌሩ ሶላቴን ሳልጨርስ ሞተር አላስነሳም አለ፤ እኛም መኪናው ውስጥ እንደ ጆንያ ተደራርበን ጠበቅነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰው ፊት አታለቅስም። በርበሬውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና "ሽታው ልብስሽ ውስጥ እንዳይገባ" አለችኝ። ስንብታችን ይኼው ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ በመስኮት አየሁ። እናቴ የሂቦን እጅ ይዛለች። የምሄደው እኔ፣ እጇ የሚያዘው ሂቦ!

ሂቦ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ጅጅጋ ውስጥ ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች ሰርቨር የሚያስተዳድር አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰን ነን። በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን፣ ከአንድ መምህር፣ አንድ ዓይነት ነገር ተማርን። ከዚያ አለቃችን አብዲረሺድ "ሂቦ ኮድ ላይ እጇ ያምራል፤ ራሔል ደግሞ አማርኛሽ ያምራል" ብሎ እንደ ልደት ኬክ ከፈለን። እሷ ሞጁል ትጽፋለች፣ እኔ የሞጁሉን መመሪያ እጽፋለሁ። የሶማልኛውን መመሪያም ራሷ ትጽፈዋለች። አያችሁ፣ ለኔ የተረፈው የግማሹ ግማሽ ነው።

ሞጁል ለማታውቁት፦ ድሮ በየከተማው እየዞርን እያንዳንዱን ሰርቨር በእጃችን ነበር የምንጭነው። የሂቦን ሞጁል ግን "ይህ ፓኬጅ ይኑር፣ ይህ ዳታቤዝ ይኑር፣ ይህ ሰው ማንበብ ብቻ ይፈቀድለት" ብላችሁ ታዙታላችሁ፤ ፓኬጅ ማለት የሚጫን ፕሮግራም ነው። የጎደለውን ይሞላል፣ ያለውን አይነካም። የኔ ሥራ ለእያንዳንዷ ትእዛዝ ስሟን፣ ጥቅሟን፣ ባዶ ከተተወች ምን እንደሚሆን መጻፍ ነው። ደገሀቡር፣ ሐርተሼክና አፍደም ያሉት ሠራተኞቻችን በዚያ ጽሑፍ ነው የሚሠሩት። የሞጁሉ ራስጌ ላይ የሂቦ ስም አለ። መመሪያው ላይ የማንም ስም የለም።

ሐርጌሳ ያለው የአብዲረሺድ ወንድም ቢሮ ሰው ይፈልጋል ሲባል እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። የሌላው ስደት በረሃና ባሕር አለው፤ የኔ ድንበር ላይ አድሮ መሻገር ብቻ ነው፣ ብትስቁም አይገርመኝም። እዚያ ኮድ የምጽፈው እኔ እሆናለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ሂቦ በሌለችበት ሂቦ እኔ ነኝ ብዬ።

ቶጎ ውጫሌ አድረን ጠዋት ተሻገርን። የድንበሩ ሰውዬ መታወቂያዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና መታወቂያዬን አየ።

"ናያ" አለኝ፣ አንቺ ማለቱ ነው። "ከየት ነሽ?"

"ከጅጅጋ።"

"ጅጅጋማ ሶማሌ ነው። አንቺ ሐበሺ ነሽ።"

"የጅጅጋ ሐበሺ ነኝ" አልኩት በሶማልኛ። ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"እጽፋለሁ።"

"ጋዜጠኛ?"

"አይ። ማሽን እንዴት እንደሚታዘዝ ነው የምጽፈው።"

"ማሽኑ ያነበዋል?"

"አያነበውም። ሰው ነው የሚያነበው።"

"ታዲያ ማሽኑን የሚያዘው ማን ነው?"

"ሂቦ የምትባል ጓደኛዬ የጻፈችው ኮድ።"

"እሷስ የት አለች?"

"ጅጅጋ።"

ማኅተሙን እንዳንጠለጠለ በሐዘኔታ አየኝ። "ታዲያ የምትፈለገው እሷ ናታ። አንቺን ለምን ላኩሽ?"

ገና አንድ እግሬ ኢትዮጵያ እያለ ሂቦ ቀድማኝ ሐርጌሳ ገባች።

ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ኤዶ ሰህራ ትባላለች፤ ኤዶ ማለት አክስት እንደማለት ነው። ክፍሉን ከማሳየቷ በፊት እኔን መረመረችኝ።

"ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ልጅ?"

"የለኝም።"

"ቴሌቪዥንስ?"

"እሱም የለኝም ኤዶ።"

"አላህ ያግዝሽ። ሽንኩርት ስትጠብሺ በሩን ዝጊ። በርበሬ ግን ጨርሶ አይሆንም። ካንቺ በፊት የነበረችው ሐበሺት ቆልታ ፍየሎቼን እስከ ዛሬ ያስነጥሳቸዋል።"

የእናቴ በርበሬ ከነሦስት ፌስታሉ ሻንጣ ውስጥ ተቀመጠ። አንዳንዴ ሻንጣውን ከፍቼ አሸተውና እዘጋዋለሁ።

ሐርጌሳ ያላችሁ ይኼን ታውቁታላችሁ፦ ሁሉም ነገር የጅጅጋ ነው፣ ጅጅጋ ብቻ አይደለም። ሻሂው ያው፣ የግመል ወተቱ ያው፣ ሩዙና ሙዙ ያው፣ ቋንቋው ያው። ፈጽሞ የማይመሳሰል አገር ብሄድ ይሻለኝ ነበር፤ እዚህ ግን በየመንገዱ የማውቀው ሰው የመጣ እየመሰለኝ እዞራለሁ። ላሖሑ እንጀራ ሊሆን ሲሄድ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ነገር ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ በሻሂ ይበላል። ረቡዕ ዓርብ የለም፣ የጾም ምግብ ብለሽ ብትጠይቂ "ታምመሻል?" ይሉሻል። የጅጅጋን ነፋስ እንኳ ናፈቅኩት፣ ያንን የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ አውልቆ ጎረቤት የሚያደርሰውን። እዚህ ነፋሱ አቧራ አራግፎብሽ ነው የሚሄደው።

ቢሮ በገባሁ ቀን አዲሱ አለቃዬ ኮምፒውተሩን አሳየኝና "ኮዱ ከጅጅጋ ይመጣልሻል፣ ሂቦ ትልከዋለች። አንቺ መመሪያውን ትጽፊያለሽ" አለኝ።

አልሳቅሁም፣ አላለቀስሁም። ተቀመጥኩና ጻፍኩ።

እናቴ ጋ ስደውል ደግሞ ሌላ ጉድ። "ሂቦ መጥታ ነበር። ሽንኩርቱን ከተፈችልኝ። ሽሮውን ወደደችው፣ በደንብ ያቃጥልልኝ አለችኝ፣ እኔ ደግሞ የሚያቃጥል የሚወድ ሰው ደስ ይለኛል" ትለኛለች። እኔ የሚያቃጥል አልወድም። ሃያ ምናምን ዓመት ስንወዛገብ የኖርነው በሱ ነው። ሂቦ እሑድ እሑድ እናቴ ቤት ነው የምትውለው፤ እኔ ስሄድ "እማን አያታለሁ፣ አታስቢ" ያለችኝን እንደ ወግ ነበር የሰማሁት። ማየት ብቻ መስሎኝ!

የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የመጣው ከአፍደም ነው። ጋሽ ታምራት ከጎጃም በመምህርነት አፍደም ተመድቦ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ የክሊኒኩንም ሰርቨር ያያል። በኢንተርኔት ደወለልኝ።

"ራሔልዬ፣ ይኼ ነገርሽ ቀላብኝ።"

"ምን ይላል ጋሼ?"

"መቼ አነበብኩት፣ ቀላ እንጂ።"

"እስቲ ያንብቡልኝ።"

"ቦታው የለም ይላል። ኧረ እኛም ቦታ የለንም በይው!"

ነገሩ ቀላል ነበር። ሞጁሉ የዳታቤዙን ፓኬጅ ወደ አዲሱ ከመቀየሩ በፊት ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃውን ቅጂ፣ ይወስዳል። ባክአፑ የሚቀመጥበትን ፎልደር ግን በየቅያሬው አስቀድሞ ሰው በእጁ አዲስ መፍጠር አለበት። ፎልደሩ ከሌለ በቀይ ጽፎ ይቆማል። የሚጠፋ ነገር የለም፣ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። "መጀመሪያ ፎልደሩን ፍጠሩ" የምትል አንዲት መስመር ከመመሪያው ላይ ዘልያለሁ። ጋሽ ታምራት ፎልደሩን ፈጠረ፣ ሠራለት። ግን አልዘጋም።

"አፍደም እንዴት ዋለ ጋሼ?" አልኩት።

"ባቡሩ አልፎ ሄደ፣ ሙቀቱ ወርዶ ቀረ" አለኝ። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተዛወረ፣ የማን ፍየል ክሊኒክ ውስጥ እንደገባች ነገረኝ። በማግሥቱ ከደገሀቡር ተደወለ፣ በዚያው ነገር። የዚያው ሠራተኛም የመንገዱንና የከብት ገበያውን ወሬ ጨምሮ አወራኝ። ያን ሳምንት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ አገሬ ነበረች።

የሚቀጥለው መመሪያ ላይ መስመሯን ጻፍኳት፣ አየኋት፣ አጠፋኋት። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ አዲስ መመሪያ ላይ አስቀራት ጀመር። ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች ብቻ ይፍረዱኝ። ሂቦ ኮዱ አላት፣ ስሙ አላት፣ ጅጅጋ አላት፣ እናቴ አለቻት። ለኔ አንዲት ያልተጻፈች መስመር ብትኖረኝ ምን አለበት?

ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ።

መጀመሪያ ኔትወርክ መሰለኝ። ቆይቶ በአፍደምም በደገሀቡርም ፓኬጁ ተቀይሮ ማለቁን ከቢሮ ሰማሁ፤ ማንም ሳይደውል። የሂቦን አዲስ ኮድ ከፈትኩት። ሁለት መስመር ጨምራለች፦ ፎልደሩ ከሌለ ሞጁሉ ራሱ ይፈጥረዋል። አለቀ። የደበቅኳትን መስመር ጽፋልኝ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ማንም እንዳይፈልጋት አደረገቻት።

ዓይኔ ደም ለብሶ ደወልኩላት።

"ለምን ነካሽው?"

"ሰላም ነሽ ወይ አይባልም አባዮ?" አለች። አባዮ ማለት እህቴ ማለት ነው፣ ስትናደድም ስትወድም ትለዋለች።

"ሂቦ፣ ለምን ነካሽው? ማን አማረረ?"

"ማንም አላማረረም። ጋሽ ታምራት እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፣ ካንቺ ጋር ያወራላ። ግን አንድ ቀን ደውሎ አጣሽ። አንቺ ስልክ እስክታነሺ ሰርቨሩ ቆሞ አፍደም ክሊኒክ በር ላይ ሰው ካርዱ ሳይወጣ ተሰልፎ ዋለ። የታመመ ልጅ ያቀፉ ነበሩ።"

ያን ቀን አስታወስኩት። ኤዶ ሰህራ ጋ ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዤ ወጥቼ ነበር።

"ረስቼው ነው መስመሩን" አልኳት።

ሳቀች። "አንቺ? የኔን ነጠላ ሰረዝ እያረምሽ ትመልሺልኝ የነበርሽ ሰው ፎልደር ትረሻለሽ?"

"ታውቂ ነበር?"

"ከሁለተኛው መመሪያ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ይደውሉልሽ ብዬ ነዋ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለአብዲረሺድ ብትነግረው፣ ብታስባርረኝ፣ የምጠላት ምክንያት አገኝ ነበር። ደግነቷን እንኳ ቀናሁባት። ሴትዮዋ ለሌላ ሰው ምንም አታስተርፍም!

"አሁን የአዲሱን መመሪያ ጻፊልኝ" አለችኝ። "በኔ አማርኛ ከጻፍኩት ጋሽ ታምራት ሲስቅ ይውላል።"

"ራስሽ ጻፊው" ብዬ ዘጋሁባት።

ሁለት ሳምንት አልነካሁትም። ሂቦም አልወተወተችኝም፣ እሱም ይበልጥ አናደደኝ። በመጨረሻ የአፍደሟን ሰልፍ ከዓይኔ ማጥፋት ሲያቅተኝ ተቀመጥኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የባክአፕ ፎልደር። ባክአፑ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ባዶ ከተተወ ሞጁሉ ራሱ ይፈጥረዋል። ከሠራተኛው የሚጠበቅ ነገር የለም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አጥፍቼ መልሼ ጻፍኳት። ልክ ናት። አጭር ናት። ስጽፋት ግን በር በራሴ ላይ የምዘጋ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ታምራት መመሪያው ሲደርሰው "ሠራ!" የሚል አንድ ቃል ላከልኝ። አልደወለም። ለምን ይደውላል?

እሑድ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ እናቴ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሂቦ ናት።

"እማ እጇ በርበሬ ነው፣ ትታጠብና ትምጣ" አለችኝ።

እማ። የኔን ቃል፣ በኔው እናት ቤት፣ በኔ ሰዓት። ከኋላዋ ሙቀጫው ይሰማል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይሰማል። ሂቦ እናቴን ልትጠራት ስልኩን የምታስቀምጠው መሰለኝ። ከተቀመጠ ያ ሁሉ ድምፅ ይርቅብኛል።

"ሂቦ፣ ቆይ" አልኳት። "አንድ ነገር ጠፍቶብኝ ነው። ፓኬጁ ሳይጫን ዳታቤዙን ፍጠር ብንለው፣ ሞጁሉ ምን ያደርጋል?"

የመመሪያዬ የመጀመሪያ ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ታምራት እንኳ በቃሉ ይወጣዋል።

ሙቀጫው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመታ። እናቴ ከጓዳ "ማን ናት?" ስትል ሰማኋት።

"ራሔል ናት እማ። የሥራ ጥያቄ አላት፣ ቀስ ብለሽ ነይ" አለቻት። ከዚያ በርጩማ ሲሳብ ተሰማኝ፣ ስልኩን ከነሬዲዮው ከነነፋሱ ይዛው ተቀመጠች።

"እሺ አባዮ" አለችኝ፣ "ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። መጀመሪያ ሞጁሉ ፓኬጁ መኖሩን ያያል..."

"ቀስ በይ" አልኳት። "እየጻፍኩ ነው።"

እስክሪብቶም አልያዝኩም።