ያልተሰበረው ትከሻዬ

ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የተነሣሁት ጌታ ትከሻዬ ላይ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መናገር አልለመድኩም፤ ብሳሳት ታገሡኝ።

ከዐረብ አገር ወደዚህ ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለስኩት ታምሜ ነው። በምሠራበት ቤት ምንጣፍ ተሸክሜ ከደረጃ በቀኝ ትከሻዬ ወደቅሁ። ሕመሙን ፈርቼ ቀኝ እጄን ለወራት ደረቴ ላይ አጣብቄ ኖርኩ። በኋላ ላንሣው ብል ከደረቴ በላይ አልወጣ አለኝ። እዚህ ስመጣ ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ “አጥንትሽ ደህና ነው፤ ምንም የለብሽም” አለኝ። እኅቴ ይህን ሰምታ “ሥራ ስለጠላሽ ነው” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከሰው ተኳረፍኩ፤ ከፈጣሪም ጋር ጭምር። እማ እንኳ “አላህ ያሽርሽ” ስትለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርባት ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ እነሆ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ልብሴን ሊያጥቡልኝ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን “ለምን ይደክማሉ?” አልኳቸው።

“ያምሻላ” አሉኝ። ማጠባቸውን ቀጠሉ።

አመመኝ ስል ያመነኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ስለሚያምኑት ጌታ ይንገሩኝ ብዬ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። ጌታን ስቀበል እማ አልቅሳለች፣ አልዋሽም፤ ግን ከቤት አላስወጣችኝም። ጌታ ይባርካት።

እናንተም ጸለያችሁልኝ። እጄ ግን አልተነሣም። አፍሬ ሁለት እሑድ ቀረሁ። እትዬ ዘነበች መጥተው “ጸሎትና ሕክምናን ማን አጣላቸው? ተነሺ፣ ደሴ እንሂድ” አሉኝ።

ደሴ ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትከሻዬን በጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችና “በግ ሲገፈፍ በቆዳውና በሥጋው መሀል ያለውን ስስ ነጭ ሽፋን አይተሻል?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ፋሺያ እንለዋለን። የእኛንም ጡንቻ እንደዚያ ያለ ነገር ጠቅልሎታል። ደህና ሲሆን ይንሸራተታል። ያንቺ ስትወድቂ ተጎዳ፤ ሳታንቀሳቅሺው ስትቆዪ ደግሞ ደረቀ፣ ተጣበቀ። ራጅ ላይ አይታይም። ሕመምሽ ግን እውነት ነው።”

እዚያው አለቀስኩ። “አሳመምኩሽ?” አለች።

“የለም፣ ቀለለኝ” አልኳት። ጌታ ይመስገን።

በየሳምንቱ ስመላለስ ትከሻዬን በመዳፏ በዝግታ ትጫንልኝ ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ አስኬድ ነበር፣ እየጸለይኩ። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ልጄ ሰሚራ ማበጠሪያ ይዛ ወደ አያቷ ስታልፍ “ነይ እስቲ” አልኳት። ጥያት የሄድኩት በሁለት ዓመቷ ነው፤ ከተመለስኩም በኋላ እንደ እንግዳ ትመለከተኝ ነበር። መጥታ ጉልበቴ መሀል ቁጭ አለች። ጸጉሯን እስከ መጨረሻው ሠራሁላት። እማ በሩ ላይ ቆማ እያየች “አልሐምዱሊላህ” አለች። እኔም “አሜን” አልኩ።

ቅዝቃዜ ሲሆን አሁንም ያዝ ያደርገኛል፤ እንቅስቃሴውን አልተውኩም። ጌታ ቀስ በቀስ ነው የፈወሰኝ፤ ክብር ለእርሱ ይሁን። ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ሕመሙን ሰው ያላመነለት ካለ፣ ጌታ ያምነዋል። ይጸልይ፣ ይታከምም። ብቻውን መሄድ ከከበደው ይንገረኝ፤ ደሴ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።