ሐልዋና ማዘጋጃ ቤት

በጃንሆይ ዘመን ሐረር ዘበኛ ሳለሁ፣ ውፍረቴን ያየ ሁሉ «ተመችቶሃል!» ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ግን «ካልቀነስክ ልብህ አይችልህም» አለኝ። እኔም ጥፋቱን በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ጣልኩ። ሸዋ በር ላይ ያን ሁሉ ጣፋጭ ሐልዋ የሚያስቸረችረው እሱ ነው፤ ሻጮቹን ያንሳልን አልኩ። ደግሞም መንገድ አጣበቡ ብሎ አስነሳቸው። እነሱ ወደ ፈላና በር ሄዱ፤ እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ጉንጬን ሞልቼ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳቀች።

«አይ የኔ ጌታ! ሻጮቹንስ አስነሱልህ፤ አንተን ማን ያነሳሃል?»

የቀረውን ሐልዋ ለጎረቤት ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ሻዩም ያለ ስኳር ሆነ። ሰው «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ሲለኝ፣ «ኧረ ደኅና ነኝ፤ ገና እከሳለሁ» እል ነበር።